አሥራ ስምንት፦ የአሜሪካ ወጣቶች የመምረጥ መብት እንዴት ተገኘ፣ ምንስ ቀረው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ለመስጠት የምትዘጋጁ ወጣቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዛሬው ርእሴ በአሜሪካ የመምረጫ ዕድሜ ከ21 ወደ 18 የወረደበት ታሪክ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ አጠር ተደርጎ ነው የሚነገረው፤ ወጣቶች ቬትናም ሄደው ይሞቱ ነበር፣ «ለጦርነት የደረሰ ለምርጫም ደርሷል» ብለው ጮኹ፣ መንግሥትም በ1971 ሰማቸው ይባላል። ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ያ መፈክር በ1942ም በሰው አፍ ነበረ፤ ሕጉ እስኪመጣ 29 ዓመት ፈጅቷል። መፈክሩ በ29 ዓመት ያልጨረሰው ጉዳይ በመጨረሻ በመቶ ቀን ውስጥ ያለቀው ለምንድን ነው? እኔ እንደማምነው የመጨረሻውን በር ያስከፈተው የምርጫ አስፈጻሚዎች ጭንቀት ነው፤ ጭንቀቱን ያመጣው ደግሞ አምስት ለአራት የተወሰነ አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ይህን ሳናይ፣ መብቱ ከተጻፈ በኋላም ወጣቱ ከምዝገባ መስኮት ላይ ለምን እንደሚመለስ አይገባንም።

መጀመሪያ ግን 21 ከየት መጣ? ከእንግሊዝ የልማድ ሕግ የወረደ ቁጥር ነው። በመካከለኛው ዘመን አንድ ወጣት ጥሩር ለብሶ በፈረስ ሊዋጋ ይችላል ተብሎ የሚታሰበው 21 ሲሞላው ነበር ይባላል። እንደዚያ ከሆነ የጥንቱ ዕድሜም ከጦርነት ጋር የተያያዘ ነበር ማለት ነው። ቅኝ ግዛቶቹ ይህንኑ ይዘው ቀጠሉ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሲጻፍም ማን ይምረጥ የሚለውን በአብዛኛው ለክፍላተ ግዛቱ ተወው፤ በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ ስለ መራጮች ሲያነሳ 21 ዓመት የሞላቸውን ወንዶች ነው የሚጠቅሰው። እንግዲህ ዕድሜውን ዝቅ ለማድረግ ለተነሣ ሰው ሦስት መንገድ ነበረው። አንደኛው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱን ሕግ እንዲለውጥ መወትወት ነው። ሁለተኛው ኮንግረስ ተራ ሕግ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ሦስተኛው የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት ማሻሻል ነው፤ ለዚህ በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ቀጥሎም ከ50ው ክፍላተ ግዛት የ38ቱ ማጽደቅ ያስፈልጋል። ሦስቱም ተሞክረዋል።

ጉዳዩ ወደ ኮንግረስ የገባው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በ1940 የወጣው የግዳጅ ውትድርና ሕግ የሚጠራው ከ21 ዓመት ጀምሮ ያሉትን ነበር። ፐርል ሃርበር ከተመታ በኋላ ዕድሜው ወደ 20 ወረደ፤ በኖቬምበር 1942 ደግሞ ወደ 18። በዚያው ሰሞን የዌስት ቨርጂኒያው ተወካይ ጄኒንግስ ራንዶልፍ በተወካዮች ምክር ቤት፣ የሚሺጋኑ አርተር ቫንደንበርግ በሴኔት የመምረጫ ዕድሜም አብሮ እንዲወርድ የማሻሻያ ሐሳብ አቀረቡ። ራንዶልፍ በምክር ቤት ዘመናቸው ይህንን ሐሳብ 11 ጊዜ አቅርበዋል። የእኚህን ሰው ስም ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ቀድማ የተራመደችው ጆርጂያ ናት። አገረ ገዥ ኤሊስ አርናል ጉዳዩን ይዘው ተነሡ፤ በኦገስት 1943 የጆርጂያ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ ዕድሜውን ወደ 18 አወረደ። ይህ ድርጊት ሲወደስ አንድ ነገር ይዘለላል። በዚያን ጊዜ ጆርጂያ ውስጥ ለመምረጥ የነፍስ ወከፍ ግብር መክፈል ግዴታ ነበር፤ የዴሞክራቶቹ ቅድመ ምርጫ፣ ማለትም ፓርቲው እጩውን የሚለይበት ምርጫ፣ ደግሞ ለነጮች ብቻ ክፍት ነበር፤ በዚያ አገር አሸናፊው የሚለየው በቅድመ ምርጫው ነበርና። የ18 ዓመቱ ጥቁር ወጣት እንደ ነጩ እኩያው ለጦርነት ተጠርቷል፤ በምርጫው ግን ዕድሜው ቢፈቀድለት እንኳ በግብሩና በቀለሙ ይታገድ ነበር። ግብሩ የተነሣው በ1945፣ የነጮች ቅድመ ምርጫ በጆርጂያ የተሻረው በ1946 ነው። አንዱን መሰናክል አንሥቶ ሌላውን ማቆየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል።

ከጆርጂያ በኋላ ነገሩ ዘገመ። ኬንተኪ በ1955 ተከተለች። አላስካና ሃዋይ በ1959 ወደ ኅብረቱ ሲገቡ አንዷ 19፣ ሌላዋ 20 ይዘው ገቡ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር፣ ራሳቸው የጦር አዛዥ የነበሩ ሰው፣ በ1954 ዓመታዊ ንግግራቸው ዕድሜው 18 እንዲሆን ጠየቁ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ሴኔት ድምፅ ሰጠበት፤ 34 ደገፉ፣ 24 ተቃወሙ። ሁለት ሦስተኛ ለመሙላት 39 ያስፈልግ ነበርና ወደቀ።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉትን በቅንነት መስማት ይገባል። አንዱ ክርክራቸው ወታደርነት መታዘዝን፣ መራጭነት ግን ማመዛዘንን ይጠይቃል፤ ስለዚህ የአንዱ ዕድሜ ለሌላው መለኪያ አይሆንም የሚል ነበር። ሌላው ደግሞ ይህ የክፍላተ ግዛት ሥልጣን ነው፣ ዋሽንግተን እጇን ታንሣ የሚል ነበር። የመጀመሪያው ክርክር ከሞላ ጎደል ትክክል ይመስለኛል፤ መዋጋት መቻል ማሰብ መቻልን አያረጋግጥም። ነገር ግን የወጣቶቹ ጥያቄ የችሎታ ብቻ አልነበረም። የሚዘምተው እሱ ሆኖ ሳለ ዝመት የሚለውን ሰው መምረጥ ወይም ማውረድ አለመቻሉ ነው ያንገበገበው።

ቬትናም ይህን ጥያቄ በየቤቱ አስገባችው። ዲሴምበር 1 ቀን 1969 ማታ በዋሽንግተን የውትድርና ዕጣ ወጣ፤ በቴሌቪዥንም ተላለፈ። በአንድ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ 366 ሰማያዊ እንክብሎች ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ የልደት ቀን ተጠቅልሎ ገብቷል። መጀመሪያ የወጣው ሴፕቴምበር 14 ነበር፤ በዚያ ቀን የተወለዱት የመጀመሪያው ተራ ደረሳቸው። ዕጣው የሚመለከተው ከ1944 እስከ 1950 የተወለዱትን ወንዶች ነበር። በ1950 የተወለዱት 19 ዓመታቸው ነው፤ ከመካከላቸው አብዛኞቹ ያንን ዕጣ ላወጣው መንግሥት ድምፅ አልሰጡም፤ መስጠት አይችሉም ነበርና።

በዚያው ሰሞን በካሊፎርኒያ የፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዘመቻ ጀመሩ፤ የተለያዩ የወጣት ማኅበራት ጥምረት ፈጠሩ፤ የመምህራኑ ብሔራዊ ማኅበርና የጥቁሮች መብት ድርጅት ኤንኤኤሲፒም ተቀላቀሉ። ሥራቸውን በየክፍለ ግዛቱ በሕዝበ ውሳኔ ጀመሩ፤ ብዙ ቦታም ተሸነፉ። በኖቬምበር 1969 ኒው ጀርሲ የ18ን፣ ኦሃዮ የ19ን ሐሳብ ውድቅ አደረጉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሕዝበ ውሳኔው ድምፅ የሚሰጡት 21 የሞላቸው ብቻ ናቸው፤ መብቱን የሚፈልገው ወገን በራሱ ጉዳይ ላይ አንድ ድምፅ የለውም። በየዩኒቨርሲቲው የሚነሣው ግርግር በየማታው በቴሌቪዥን ሲታይ ደግሞ ወላጁ መራጭ ልቡ ይበልጥ ደነደነ። የመጀመሪያው መንገድ እንዲህ ተዘጋ።

ሁለተኛው መንገድ በብልሃት የተከፈተ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 ስለ ኒው ዮርክ ፖርቶ ሪካውያን መራጮች በሰጠው ፍርድ ኮንግረስ የእኩልነትን መርሕ ለማስከበር የክፍላተ ግዛትን የመራጭነት መስፈርት በተራ ሕግ ሊሽር እንደሚችል ፈቅዶ ነበር። የሃርቫርዱ የሕግ ምሁር አርቺባልድ ኮክስ ከዚያ ፍርድ ተነሥተው፣ እንግዲያው ኮንግረስ ዕድሜንም በተራ ሕግ መለወጥ ይችላል አሉ። ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ ሐሳቡን ተቀበሉ፤ የሴኔቱ አብላጫ መሪ ማይክ ማንስፊልድ ደግሞ የት እንደሚያስቀምጡት አወቁ። የ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ፣ ማለትም የደቡብ ጥቁሮችን ድምፅ የሚጠብቀው ሕግ፣ ጊዜው ሊያበቃ ስለሆነ መታደስ ነበረበት። ማንስፊልድ የ18 ዓመቱን ድንጋጌ እዚያ ላይ ለጠፉት። ሴኔት ማርች 12 ቀን 1970 በ64 ለ17 ተቀበለው።

ይህ መለጠፍ ለምን እንደሠራ ልብ በሉ። የተወካዮች ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የብሩክሊኑ ኢማኑኤል ሴለር፣ የዕድሜውን ጉዳይ ለዓመታት በኮሚቴያቸው ቀብረው ያቆዩ ሰው ነበሩ። በሌላ በኩል የጥቁሮች የመምረጥ መብት ጽኑ ጠበቃም ነበሩ። የ18 ዓመቱን ድንጋጌ ነቅለው ሕጉን ወደ ሴኔት ቢመልሱት የደቡብ ሴናተሮች ድምፅ እንዳይሰጥበት ንግግር እያራዘሙ አንቀው ሊገድሉት ይችላሉ። ስለዚህ የማይወዱትን ከሚወዱት ጋር አብረው ዋጡት።

በመካከሉ ሜይ 4 ቀን 1970 በኦሃዮ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች በተቃዋሚ ተማሪዎች ላይ ተኩሰው አራት ገደሉ። ሁለቱ 19፣ ሁለቱ 20 ዓመታቸው ነበር፤ አራቱም ለመምረጥ አልደረሱም። በዚያው ወር ውስጥ የኦሪገን መራጮች ዕድሜን ወደ 19 የማውረድ ሐሳብ ቀርቦላቸው በሰፊ ልዩነት ጣሉት። ጁን 17 ቀን ግን የተወካዮች ምክር ቤት የሴኔቱን ሕግ እንዳለ በ272 ለ132 አጸደቀ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ጁን 22 ቀን ፈረሙ፤ ሲፈርሙም የ18 ዓመቱ ድንጋጌ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብለው እንደሚያምኑ በጽሑፍ ገልጸው፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጋቸው ጆን ሚቸል ጉዳዩ ቶሎ በፍርድ ቤት እንዲፈተን እንዲያደርጉ አዘዙ።

ከሳሽ ለማግኘት አልተቸገሩም። ኦሪገንና ቴክሳስ መንግሥትን ከሰሱ፤ መንግሥት ደግሞ አንታዘዝም ያሉትን አሪዞናንና አይዳሆን ከሰሰ። አራቱ መዝገቦች ተጣምረው «ኦሪገን በሚቸል ላይ» በሚለው ስም ዲሴምበር 21 ቀን 1970 ተፈረደባቸው። ከዘጠኙ ዳኞች አራቱ ኮንግረስ ለማንኛውም ምርጫ ዕድሜን መወሰን ይችላል አሉ። ሌሎቹ አራት ለማንኛውም አይችልም አሉ። በመካከል ብቻቸውን የቀሩት የ84 ዓመቱ ዳኛ ሁጎ ብላክ ነበሩ። እሳቸው ነገሩን ከሁለት ከፈሉት፤ ሕገ መንግሥቱ የፌዴራል ምርጫ አካሄድን እንዲቆጣጠር ለኮንግረስ ሥልጣን ሰጥቷል፣ ስለዚህ ለፕሬዚዳንት፣ ለሴኔትና ለተወካዮች ምክር ቤት 18 ይበቃል፤ የክፍለ ግዛትና የአካባቢ ምርጫ ግን የክፍለ ግዛቱ ጉዳይ ነው አሉ። ከስምንቱ ባልደረቦቻቸው አንድም ሰው በዚህ አከፋፈል አልተስማማም። ሆኖም በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ አምስተኛው ድምፅ የእሳቸው ስለነበር ያ ሕግ ሆነ።

አሁን የነገሩ ዋና ቦታ ላይ ደረስን። በኖቬምበር 1972 ሊሆን የነበረውን በአንድ ምርጫ ጣቢያ እንየው። የ19 ዓመት ልጅ መጣ። ለፕሬዚዳንት መምረጥ ይችላል፤ ለአገረ ገዥ አይችልም። ለኮንግረስ ይችላል፤ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት፣ ለከንቲባ፣ ለሸሪፍ፣ ለትምህርት ቦርድ፣ ለሕዝበ ውሳኔ ጥያቄዎች አይችልም። እነዚህ ሁሉ ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ የሚወጡ ናቸው። ስለዚህ ሁለት መዝገብ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለሙሉ መራጭ፣ ሌላው ለግማሽ መራጭ። መዝገቡም አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ አይደለም፤ በየቀኑ 21 የሚሞላው ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው መዘዋወር አለበት። ሁለት ዓይነት ወረቀት መታተምና ለየጣቢያው መከፋፈል አለበት፤ አንድ ሠራተኛ ተሳስቶ ለ20 ዓመት ልጅ ሙሉውን ወረቀት ከሰጠው፣ ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ ለይቶ ማውጣት አይቻልም፤ በጠባብ ልዩነት ያለቀ የከንቲባ ምርጫም ክስ ይነሣበታል።

ማሽን ያላቸው ከተሞች ችግር ከዚህ የባሰ ነበር። በዚያ ዘመን በብዙ ትልልቅ ከተሞች ድምፅ የሚሰጠው ቁም ሣጥን በሚያህል የብረት ማሽን ነበር። መራጩ መጋረጃውን ይዘጋል፣ ከየእጩው ስም አጠገብ ያለችውን ትንሽ እጀታ ይጫናል፣ መጋረጃውን ሲከፍት ቆጣሪው ይመዘግባል። ወጣት መራጭ በመጣ ቁጥር ሠራተኛው የአካባቢ ምርጫ ረድፎችን መቆለፍ፣ ሲጨርስ መልሶ መክፈት አለበት። መክፈቱን ከረሳ ቀጣዩ የ50 ዓመት ሰው ለከንቲባ ሳይመርጥ ይወጣል። አማራጩ ለወጣቶች ብቻ ሌላ ማሽን ማቆም ነው፤ ለጥቂት ሰዎች ስንት ማሽን ይገዛል? ምስጢርነቱስ? በአንዲት የገጠር ጣቢያ ከ21 በታች ያሉት ሦስት ብቻ ከሆኑና ሦስቱም ለአንድ እጩ ከሰጡ፣ ለብቻ የተቆጠረው ውጤት ሲለጠፍ የሦስቱም ምስጢር አደባባይ ወጣ ማለት ነው።

ይህ የሁለት መዝገብ ጣጣ 47 ክፍላተ ግዛትን የሚመለከት ነበር፤ በዚያን ሰዓት ለሁሉም ምርጫ 18ን የፈቀዱት ጆርጂያ፣ ኬንተኪና፣ በ1970 ዕድሜዋን እንደገና ያወረደችው አላስካ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ የራሳቸውን ሕገ መንግሥት ቶሎ አሻሽለው ከችግሩ እንዳይወጡ፣ አብዛኞቹ ሕዝበ ውሳኔ ማካሄድ አለባቸው፤ አንዳንዶቹማ ሐሳቡ በሁለት ተከታታይ የምክር ቤት ዘመን እንዲጸድቅ ይጠይቃሉ። 1972 አይደርስላቸውም። የኢንዲያናው ሴናተር በርች ባይህ የሚመሩት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ንዑስ ኮሚቴ የ50ውንም ክፍላተ ግዛት የምርጫ ኃላፊዎች ጠይቆ ወጪውንና ችግሩን በሪፖርት አወጣ። የወጣት መብት ግድ የማይሰጠው፣ ምናልባትም የሚቃወመው የምክር ቤት አባል፣ አሁን የራሱ ክፍለ ግዛት የምርጫ ኃላፊ ከዚህ አውጡን ሲለው ሰማ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ገሰገሰ። በሴኔት ሐሳቡን ያቀረቡት እነዚያው ጄኒንግስ ራንዶልፍ ነበሩ፤ ሴናተር ከሆኑ ቆይተዋል። ማርች 10 ቀን 1971 ሴኔት 94 ለ0 አጸደቀ። ማርች 23 ቀን የተወካዮች ምክር ቤት 401 ለ19 አጸደቀ። በዚያው ዕለት ሚኒሶታ፣ ዴላዌር፣ ኮኔቲከት፣ ቴነሲና ዋሽንግተን አጸደቁት። ጁላይ 1 ቀን ሰሜን ካሮላይና 38ኛዋ ሆነች። መቶ ቀን፤ በአሜሪካ ታሪክ ከዚህ በፈጠነ ጊዜ የጸደቀ ማሻሻያ የለም። ጁላይ 5 ቀን በዋይት ሐውስ በተደረገ ሥነ ሥርዓት የማረጋገጫው ሰነድ ተፈረመ፤ ከአንድ ዓመት በፊት ሕጉን እየተቃወሙ የፈረሙት ኒክሰንም በምስክርነት ፊርማቸውን አኖሩ። አንዳንድ ክፍላተ ግዛት እስከ ዛሬ አላጸደቁትም፤ ቀድማ 18 የነበራት ኬንተኪ አንዷ ናት። ሳውዝ ዳኮታ ያጸደቀችው በ2014 ነው። ይህ በሕጉ ተፈጻሚነት ላይ የሚለውጠው ነገር የለም።

የማሻሻያው ቃል ሁለት አጭር ክፍል ነው። አንደኛው፣ ዕድሜያቸው 18 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የዩናይትድ ስቴትስ ዜጎች የመምረጥ መብት በዕድሜ ምክንያት በፌዴራሉም ሆነ በማንኛውም ክፍለ ግዛት ሊነፈግ ወይም ሊጓደል አይችልም ይላል። ሁለተኛው ኮንግረስ ይህንን በሕግ የማስፈጸም ሥልጣን አለው ይላል። «በዕድሜ ምክንያት» የሚለውን አስተውሉ። አድራሻ አይልም፣ መታወቂያ አይልም፣ የምዝገባ ቀነ ገደብ አይልም። ከ1971 ወዲህ ያለው ትግል ያለው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ተማሪ የት ነው ነዋሪው የሚል ነበር። ብዙ መዝጋቢዎች ወጣቱን አንተ የወላጆችህ ቤት ነዋሪ ነህ እያሉ ይመልሱት ጀመር። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 ይህንን ከለከለ፤ 18 የሞላው መራጭ እንደማንኛውም አዋቂ የራሱ መኖሪያ አለው አለ። ከሁሉም የከፋው ግን በቴክሳስ ዋለር ካውንቲ የሆነው ነው። እዚያ በ1876 ለጥቁሮች የተቋቋመው ፕሬሪ ቪው ዩኒቨርሲቲ አለ። የካውንቲው መዝጋቢ በአካል ለማያውቃቸው ተማሪዎች የተለየ መጠይቅ ይሰጥ ነበር። ጥያቄዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፦ በካውንቲው ውስጥ ቤት ወይም ንብረት አለህ ወይ? ሥራ አለህ ወይ? መኪናህ እዚህ ተመዝግቧል ወይ? በስምህ ስልክ አለ ወይ? ከዩኒቨርሲቲው ውጪ የቤተ ክርስቲያን ወይም የማኅበር አባል ነህ ወይ? ትምህርትህን ስትጨርስ ምን ለማድረግ ታስባለህ? አንድ የ19 ዓመት ተማሪ ይህንን ሁሉ አዎ ሊል አይችልም፤ ለአዋቂ ገበሬ ግን መጠይቁ አይሰጥም። መጠይቁ ስለ ዕድሜ አንድም ቃል የለውም፤ የሚያጣራው ግን ወጣቱን፣ ያውም ጥቁሩን ወጣት ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤት አሠራሩን ከለከለ፤ በጃንዋሪ 1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸናው። ጉዳዩ ግን በዚያ አልበረደም። በ2003 መጨረሻ የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ የፕሬሪ ቪው ተማሪዎች እዚያ የመምረጥ መብት ስለመኖራቸው እንደገና ጥያቄ አነሡ፤ ክስም ሊከተል እንደሚችል አስጠነቀቁ፤ ተማሪዎቹ ሰልፍ ወጡ፣ ፍርድ ቤትም ሄዱ። በ2018 ደግሞ በግቢው ውስጥ የቅድሚያ ድምፅ መስጫ ቀናት ጥቂት ናቸው ብለው ከሰሱ።

ቀሪው የቴክሳስ ምሳሌ የመታወቂያ ነው፤ በ2011 የወጣው ሕግ ሽጉጥ ለመያዝ የተሰጠን ፈቃድ በምርጫ ጣቢያ ይቀበላል፣ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ግን አይቀበልም።

በ1972 ከ18 እስከ 20 ያሉ 11 ሚሊዮን ገደማ አዲስ መራጮች ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉ ወጡ። ወጣቱ ምርጫውን ይገለብጠዋል ብለው የጠበቁ ተሳሳቱ፤ ኒክሰን በ49 ክፍላተ ግዛት አሸነፉ። የግዳጅ ውትድርናውም በ1973 ቆመ። በ1996 ከ18 እስከ 24 ካሉት የመረጡት ሲሶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ በ2020 ግን እንደገና ወደ ግማሽ ተጠጉ። ይህንን የወጣት ስንፍና ብሎ መዝጋት ፍርደ ገምድልነት ነው። ወጣት ቤት ይቀይራል፤ አድራሻ በተቀየረ ቁጥር ምዝገባው እንደገና ይጀምራል። በብዙ ክፍላተ ግዛት ምዝገባው ከምርጫው ሳምንታት አስቀድሞ ይዘጋል፤ እስከ 30 ቀን ድረስ የሚደርስ አለ። በ1993 የወጣው ሕግ መንጃ ፈቃድ በሚወጣበት ቢሮ መመዝገብን ግዴታ አድርጎ ይህንን አቀለለ፤ በምርጫው ዕለት መመዝገብ የሚፈቅዱ ክፍላተ ግዛትም አሉ። ብዙ ቦታ ደግሞ 16 ወይም 17 የሞላው ልጅ አስቀድሞ ስሙን አስመዝግቦ 18 ሲሞላው ወዲያው መራጭ ይሆናል። ኖቬምበር ላይ 18 የሚሞላው የ17 ዓመት ልጅ በቅድመ ምርጫው እንዲሳተፍ የሚፈቅዱም አሉ። ስለዚህ የምትኖሩበትን ክፍለ ግዛት የምርጫ ጽሕፈት ቤት ሕግ እዩ እንጂ የጎረቤትን አትመኑ።

አሁን ደግሞ ዕድሜውን ወደ 16 ለማውረድ የሚደረግ እንቅስቃሴ አለ። የጀመረችው ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለችው፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቋት የሜሪላንዷ ታኮማ ፓርክ ናት፤ በ2013 ለከተማ ምርጫ 16ን ፈቀደች። በሜሪላንድ ከተሞች የራሳቸውን ቻርተር፣ ማለትም መተዳደሪያ ሕጋቸውን፣ ማሻሻል ስለሚችሉ ነው ይህ የተቻለው። የካሊፎርኒያ በርክሊ በ2016፣ ኦክላንድ በ2020 ለትምህርት ቦርድ ምርጫ 16ን በሕዝበ ውሳኔ አጸደቁ፤ ልጆቹ ግን እስከ 2024 ድረስ ድምፅ አልሰጡም። ለአንድ ምርጫ ብቻ የሚሆን የተለየ መዝገብና የተለየ ወረቀት ማዘጋጀት ዓመታት ፈጅቷል፤ በ1971 ያስጨነቀው ነገር ይኸው ነው። በሳን ፍራንሲስኮ በ2016ም በ2020ም ሐሳቡ ለጥቂት ወደቀ።

በመጨረሻ የእኛን ቤተሰቦች በቀጥታ የሚመለከት ነገር ልናገር። ማሻሻያው የሚለው «ዜጎች» ነው። ግሪን ካርድ ያለው ወንድ ልጅ 18 ሲሞላው በሴሌክቲቭ ሰርቪስ የውትድርና መዝገብ ላይ መኖር አለበት፤ የፌዴራልና የክፍለ ግዛት ምርጫ ግን አይመርጥም። «ለጦርነት የደረሰ ለምርጫም ደርሷል» የሚለው ለእሱ ገና አልደረሰም። 18 ዓመት ሌላም በር ይዘጋል። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋር በሕጋዊ አሳዳጊነት አሜሪካ ውስጥ እየኖረ ወላጁ ዜግነት ከወሰደ፣ ልጁ 18 ካልሞላው በሕግ ወዲያው ዜጋ ይሆናል። ወላጁ ዜግነቱን የወሰደው ልጁ 18 ከሞላ በኋላ ከሆነ ግን ልጁ ኤን-400 የተባለውን የዜግነት ማመልከቻ ሞልቶ፣ ፈተና ተፈትኖ በራሱ ማለፍ አለበት። በወራት ልዩነት ይህ ዕድል የሚያመልጣቸው ቤተሰቦች አሉና ማመልከቻችሁን የልጃችሁን ልደት እያያችሁ አስገቡ።

ስሕተት በብዛት የሚፈጠረው መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ነው። ቅጹ ላይ ለመምረጥ መመዝገብ ትፈልጋለህ ወይ፣ ዜጋ ነህ ወይ የሚሉ ጥያቄዎች አሉ። ልጁ ወላጆቼ ዜጎች ናቸው ብሎ፣ ወይም ቸኩሎ አዎ ላይ ምልክት ካደረገና ዜጋ ካልሆነ፣ ያ ፊርማ ዜጋ ነኝ ብሎ እንደ መዋሸት ሊቆጠር ይችላል። ከ1996 ጀምሮ ይህ ከአገር ሊያስባርርና ዜግነትን ሊያስከለክል የሚችል ጥፋት ነው። አላወቅሁም ማለት ብዙ ጊዜ አያድንም። ልጁ በወላጁ በኩል ዜጋ ሆኗል ብላችሁ ካመናችሁ የአሜሪካ ፓስፖርት አውጡለት ወይም በኤን-600 የዜግነት ምስክር ወረቀት ጠይቁለት፤ ከዚያ በኋላ ይመዝገብ። የተመዘገበ ዜጋ ሆኖ ምርጫ ጣቢያ ሲደርስ ስሙ ከመዝገብ ከጠፋ ደግሞ ዝም ብሎ አይመለስ፤ በ2002 የወጣው ሕግ ጊዜያዊ የድምፅ መስጫ ወረቀት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ወረቀቱን ሞልቶ ያስገባል፤ ድምፁ መቆጠሩን ወይም ያልተቆጠረበትን ምክንያት በኋላ የሚያጣራበት ስልክ ወይም ድረ ገጽ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ያንን ወረቀት ይዞ ይሂድ። መታወቂያ ጎድሎት ከሆነ ብዙ ቦታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ካላቀረበ ድምፁ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ከጣቢያው ሳይወጣ የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነና የት መሄድ እንዳለበት ይጠይቅ።